ተለማማጅ ካውንስለርን በጤና ተቋም ውስጥ ሱፐርቫይዝ ማድረግ፦ ወሎ ለምንሠራ ባለሙያዎች የአሠራር መመሪያ

በሳይኮሎጂ ወይም በሶሻል ወርክ የሚማር ተለማማጅ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሲመደብ አብሮት የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ደብዳቤና አንድ የመገምገሚያ ቅጽ ነው። ደብዳቤው «አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግለት» ይላል፤ ቅጹ ደግሞ መጨረሻ ላይ ከመቶ ስንት እንደምትሰጡት ይጠይቃል። በሁለቱ መካከል ባሉት ወራት ምን እንደሚደረግ የሚናገር ወረቀት የለም። ይህ መመሪያ የተጻፈው ለነዚያ ወራት ነው፤ ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልዲያ፣ ሐይቅ፣ ባቲ ወይም መካነ ሰላም ሆናችሁ ተለማማጅ ለተረከባችሁ ካውንስለሮች፣ የሳይካትሪ ነርሶችና የሶሻል ወርክ ባለሙያዎች።

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ፦ የተለማማጁን ሥራ በዓይናችሁ እዩት። ሳምንቱን ሙሉ ሳታዩት ቆይታችሁ አርብ ከሰዓት «ኬዞችህ እንዴት ናቸው?» «ደህና ናቸው» ከተባባላችሁ የምታሠለጥኑት አተራረኩን ነው። ጎበዝ ተራኪ ሊወጣው ይችላል፤ ካውንስለር ይውጣው አይውጣው ግን አታውቁም።

ወረዳው ወይም ዞኑ ቼክሊስት ይዞ የሚመጣበት ድጋፋዊ ክትትል ሌላ፣ ክሊኒካል ሱፐርቪዥን ሌላ መሆኑንም ለተቋሙ ከጅምሩ ንገሩ። ያኛው መድኃኒት አለ ወይ፣ መዝገቡ ተሞልቷል ወይ ብሎ ተቋሙን ያያል። ይኸኛው አንድ ተለማማጅ ከአንድ ሰው ጋር በር ዘግቶ ምን እንዳደረገ ያያል። ኃላፊው ሁለቱን አንድ አድርጎ ካሰበ ሰዓት ስትጠይቁት «ሱፐርቪዥን እኮ ባለፈው ወር ተደርጎልናል» ብሎ ይመልሳችኋል።

ደረጃ 1፦ ተለማማጁ ሳይመጣ ከተቋሙ ጋር ጨርሱ

ጤና ተቋም ውስጥ ለምክር ብሎ የሚመጣ ሰው ጥቂት ነው። ለደም ግፊት፣ ለስኳር፣ ለእርግዝና ክትትል፣ ለኤ አር ቲ (የኤች አይ ቪ) መድኃኒት ወይም አልለቅ ላለው ጨጓራ መጥቶ ነው ወደ ካውንስለሩ የሚላከው። የሚልክ ሰው ከሌለ ተለማማጁ ባዶ ክፍል ሲጠብቅ ይውላል። ስለዚህ የተመላላሽ ክፍሉን ጤና መኮንኖች፣ አዋላጆቹን፣ የኤ አር ቲ ክፍሉን ነርስና የካርድ ክፍል ሠራተኛውን አስቀድማችሁ አነጋግሩ። ካርድ ክፍሉን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ የታካሚው ካርድ ወደ ተለማማጁ ክፍል የሚደርሰውም ሆነ ጠፍቶ የሚቀረው ግን እዚያ ነው።

ከኃላፊው ጋር በጽሑፍ የምትጨርሱት ሦስት ነገር ነው። አንደኛው፣ የትኛው ክፍል በየትኛው ሰዓት የሚለው ነው። በሩ የሚዘጋ ክፍል ከሌለ ክትባት በማይሰጥበት ቀን የክትባቱን ክፍል መጠየቅ ይቻላል። በመጋረጃ የተከፈለ ክፍል ግን አትቀበሉ፤ ከመጋረጃው ወዲያ የተቀመጠው ሰው የታካሚዋ ጎረቤት ወይም የዕድሯ አባል ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው፣ እናንተ በሌላችሁበት ቀን ተለማማጁ ማንን እንደሚጠራ ነው። ስምና ስልክ ይጻፍ፤ «ተረኛው» ብሎ መጻፍ አይበቃም። ሦስተኛው፣ የታካሚው ኃላፊነት የማን ነው የሚለው ነው። ተለማማጁ የሚያየው ሰው ሁሉ የእናንተ ታካሚ ነው። ስለሆነም ልትከታተሉት ከምትችሉት በላይ ሰው እንዲመደብለት አትፍቀዱ፤ ኃላፊው የሰው እጥረቱን የቱንም ያህል ቢያማርር።

ቀኑን ስትመርጡ ገበያውንም እዩ። ባቲ ሰኞ ገበያ ነው፤ ከአፋር በኩል ሳይቀር የመጣ ሰው ገበያውንም ሕክምናውንም በአንድ ቀን መጨረስ ይፈልጋልና ያን ቀን ሱፐርቪዥን ማሰብ ከንቱ ነው። አርብ እኩለ ቀን የጁምዓ ሰዓት ነው። በአምባሰል በኩል የምትሠሩ ደግሞ የግሸን ንግሥ መስከረም 21 መሆኑን ቀጠሮ ስትሰጡ አትርሱ።

ደረጃ 2፦ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ታካሚ አትስጡት

ተከትሎ ይዙር። አንድ ታካሚ ከካርድ ክፍል ተነሥቶ በትሪያጅ (የሕመሙ ክብደት በሚለይበት)፣ በሐኪሙ፣ በላቦራቶሪና በፋርማሲ አልፎ እስኪወጣ አብሮት ይሂድ። ስንት ሰዓት እንደወሰደ፣ ስንት ሰው እንዳናገረው፣ ቀና ብሎ ፊቱን ያየው ማን እንደሆነ ይጻፍ። ጠዋት ከቤቱ ወጥቶ እስከ ቀትር ሲሰለፍ የዋለ ሰው አንድ ሰዓት ተቀምጦ ስለ ልጅነቱ እንዲያወራ መጠበቅ ከንቱ መሆኑ ያኔ ማንም ሳይነግረው ይገባዋል። በዚህ ዓይነት ቦታ የሚሠራው ምክር ከ20 እስከ 30 ደቂቃ የሚያልቅ፣ አንድ ችግር ይዞ አንድ ተግባር ተስማምቶ የሚለያዩበት ነው።

በዚሁ ጊዜ የአካል ሕመም የአእምሮ ሕመም መስሎ እንዴት እንደሚመጣ ከጤና መኮንኑ ይማር። «ልቤ ይመታል፣ ላብ ያጠምቀኛል፣ ከሳሁ፣ እንቅልፍ አጣሁ» ያለች ሴት ጭንቀት ይዟት ሊሆን ይችላል፤ እንቅርቷ ከመጠን በላይ ሆርሞን እያመነጨም ሊሆን ይችላል። የደም ማነስ ድብርት መስሎ ይመጣል። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታልን በመሰለ፣ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ በሚታከምበት ቦታ የሚመደብ ተለማማጅ ደግሞ ሳይክሎሰሪን የተባለው መድኃኒት ድብርትና የአእምሮ መታወክ ሊያመጣ እንደሚችል፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብም ሊያስከትል እንደሚችል ሳያውቅ ታካሚ ፊት መቀመጥ የለበትም። ሐኪም ይሁን ማለት አይደለም፤ «ይህን ምርመራ አይቶታል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይልመድ ነው።

ደረጃ 3፦ አንድ ገጽ ውል ተፈራረሙ

የሱፐርቪዥኑ ቀንና ሰዓት፣ በሳምንት የሚያየው ታካሚ ብዛት፣ የሚመዘንበት መስፈርት ይጻፍ። ከሁሉ በላይ ግን ለእናንተ የሚነግራችሁ ነገር የቱ ለዩኒቨርሲቲው እንደሚደርስ፣ የቱ እንደማይደርስ ይጻፍ። ማርኩን የምትሰጡት እናንተ መሆናችሁን ተለማማጁ አንድም ቀን አይረሳውም፤ ስሕተቱን የሚነግራችሁ ስሕተቱ ለምን እንደሚውል ካወቀ ብቻ ነው። «ታካሚን የሚጎዳ ነገር፣ ምስጢር ማውጣትና ውሸት ይደርሳል፤ መደናገጥ፣ ቃል ማጣት፣ ማልቀስ አይደርስም» የሚል አንድ መስመር ብዙ ነገር ይከፍታል።

ለሰዓቱ መነሻ የሚሆን ቁጥር ከፈለጋችሁ፣ ካክሬፕ የተባለው የአሜሪካ የካውንስሊንግ ትምህርት ዕውቅና ሰጪ ለፕራክቲከም (ለመጀመሪያው የተግባር ልምምድ) ቢያንስ 100 ሰዓት፣ ከዚህም ውስጥ 40ውን ከተገልጋይ ጋር፣ ከዚያ ለሚቀጥለው ረጅም ልምምድ፣ ለኢንተርንሺፕ፣ ደግሞ 600 ሰዓት፣ 240ውን ከተገልጋይ ጋር ይጠይቃል። በሳምንት በአማካይ አንድ ሰዓት በግል ወይም ሁለት ተለማማጅ ሆኖ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ደግሞ በቡድን ሱፐርቪዥን እንዲደረግም ያዛል። እኛ ዘንድ የቡድኑን ማሟላት ያስቸግራል። የግሉን አንድ ሰዓት ግን አትደራደሩበት።

አንድ ልማድም ከመጀመሪያው ቀን አስቀሩ። ተለማማጁ «መምህር» ወይም «ጋሼ» እያለ ነው የሚጠራችሁ፤ ታላቁ ያለውን «አልገባኝም» ብሎ መመለስ አልለመደም። «ገባህ?» ስትሉት መልሱ «እሺ» ነው፤ ቢገባውም ባይገባውም። በዚህ ፋንታ «ነገ ስትገባ መጀመሪያ የምትላቸውን እስቲ በለኝ» በሉት። ያልገባው እዚያው ይታያል።

ደረጃ 4፦ ሥራውን እዩ

የሚታይበት መንገድ አራት ነው፤ ክፍል ገብቶ መቀመጥ፣ ድምፅ ቀድቶ አብሮ መስማት፣ እናንተ ታካሚ ሆናችሁ ማስለመድ፣ የጻፈውን ማንበብ። አቅም ያላቸውም በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። የጻፈውን ብቻ ማንበብ ከምንም ይሻላል ከማለት የዘለለ ነገር የለውም።

ክፍል ለመግባት ፈቃዱን የሚጠይቀው ተለማማጁ ይሁን፣ ያውም እናንተ ሳትገቡ። እናንተ ቆማችሁ ከተጠየቁ «ኧረ ምን ችግር አለው፣ ይግቡ» ይላሉ፤ ይሉኝታ ነው፣ ፈቃድ አይደለም። የሚባለው ይህን ያህል ነው፦ «እማማ፣ አስተማሪዬ ጥግ ቁጭ ብሎ ሥራዬን ቢያይ ፈልጌ ነበር። የሚያነጋግርዎት እኔው ነኝ። ካልተመቸዎት አይገባም፤ ሕክምናዎም እንደነበረው ይቀጥላል።» ስትገቡ ወንበራችሁን ከታካሚው ዓይን ዞር አድርጉ። ፊት ለፊት ከተቀመጣችሁ ታካሚው ተለማማጁን ትቶ በዕድሜ የሚበልጠውን ሰው ማናገር ይጀምራል።

ድምፅ የምትቀዱ ከሆነ ፈቃዱ በፊርማ ወይም በጣት አሻራ ይሁን፤ ቅጂው ከሱፐርቪዥኑ በኋላ ይጥፋ፤ በቴሌግራም አይላክ። የካርድ ፎቶም እንዲሁ።

ምን እንደሚታይ በአንድ ምሳሌ ላሳይ። የአንድ ሰው ታሪክ አይደለም፤ ከተመሳሳይ ጉዳዮች የተቀመረ ነው። በሃምሳዎቹ ዕድሜ ያሉ፣ ከኩታበር የመጡ እናት ናቸው። የደም ግፊት ክትትል አላቸው። ግፊታቸው አልወርድ ሲል ነርሷ «ሐሳብ ያለባቸው ይመስለኛል» ብላ ላከቻቸው። ተለማማጇ ፒ ኤች ኪው 9 የተባለውን የድብርት መጠይቅ ዘረጋችና የመጀመሪያውን አነበበች።

«ባለፉት ሁለት ሳምንታት ነገሮችን ለመሥራት ፍላጎት ማጣት ምን ያህል አስቸግሮዎታል?»

«እኔንስ ልጄ፣ ልቤን ነው የሚያቃጥለኝ። ሌሊት ሌሊት ይነሣብኛል።»

«አብሽሩ እማማ፣ ኢንሻ አላህ ይሻልዎታል። እሺ፣ ሁለተኛው...»

«አሚን፣ ልጄ» አሉና ዝም አሉ። ከዚያ ወዲያ ለተጠየቁት ሁሉ መልሳቸው «ምንም አይል፣ አልሐምዱሊላህ» ሆነ። ድምሩ 2 መጣ። ተለማማጇ «የድብርት ምልክት አልታየም» ብላ ጻፈች።

ጽሑፉን ብቻ ያነበበ ሱፐርቫይዘር ይፈርምበታል። መጠይቁ ተሞልቷል፣ ድምሩ ትክክል ነው፤ ከ27ቱ ነጥብ አብዛኛውን ጊዜ ተጨማሪ ምርመራ የሚያስፈልገው 10 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሰው ግን በሩ የት ላይ እንደተዘጋ አይቷል። ከታካሚዋ መውጣት በኋላ የሚደረገው ንግግር አጭር ነው።

«ዝም ያሉት የቱ ጋ ነው?»

«ሁለተኛው ጥያቄ ላይ መሰለኝ።»

«ከዚያ በፊት ምን አልሻቸው?»

«አብሽሩ... አልኳቸው።»

«ስለሚያቃጥላቸው ነገር ምን ሰማሽ?»

«ምንም።»

አብሽሩ ማለቷ ነውር የለውም፤ ወሎ ውስጥ የታመመን ሰው አብሽር ሳይሉት ማለፍ ራሱ ነውር ነው። የተበላሸው ጊዜው ነው። ማጽናኛ ከመስማት ሲቀድም «ይበቃል፣ አትንገሪኝ» ይሆናል። ስለዚህ የዚያ ሳምንት ልምምድ አንድ ብቻ ይሁን፤ እናንተ «ልቤን ያቃጥለኛል» በሉ፣ እሷ ሳታጽናና፣ ሳትመክር፣ ወደ ወረቀቷም ሳትመለስ አንድ ነገር ትጠይቅ። በሚቀጥለው ቀጠሮ «ሲያቃጥልዎት ምን እያሰቡ ነው የሚያገኝዎት?» ስትላቸው ጂዳ ያለው ልጃቸው ድምፁ ከጠፋ መቆየቱን ነገሯት። የሚልከው ገንዘብ ስለቆመ የግፊቱን ኪኒን እንዲበረክት ግማሽ ግማሽ እያደረጉ እንደሚውጡም ነገሯት። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ከሳዑዲ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ሲመለሱ ያየ አካባቢ ነውና፣ «ውጭ ያለ ልጅ አለዎት?» የሚለው ጥያቄ ወሎ ውስጥ የደም ግፊትም ጥያቄ ነው። (ልብን የሚያቃጥል ሁሉ ሐሳብ ነው ማለት እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ጤና መኮንኑ ደረታቸውንና ልባቸውን መጀመሪያ አይቷል።)

ካያችሁት ውስጥ የቱን እንደምታነሡ ለመምረጥ የሱፐርቪዥን ምሁሯ ጃኒን በርናርድ እ.ኤ.አ. በ1979 ያቀረበችው አከፋፈል ዛሬም ይሠራል። የሚታየው ነገር ሦስት ነው፤ ተለማማጁ ምን አደረገ፣ ጉዳዩን እንዴት ተረዳው፣ ከራሱ ምን ይዞ ገባ። እናንተም ሦስት ሆናችሁ ልትቀርቡ ትችላላችሁ፤ እንደ አስተማሪ፣ እንደ ካውንስለር፣ እንደ አማካሪ ባልደረባ። ከላይ ባለው ጉዳይ ክህሎቱን ብታነሡ በጉዳዩ ላይ መቆየትን ታስተምራላችሁ። አረዳዱን ብታነሡ እናቶቻችን ሐዘንን በልብና በሆድ እንደሚናገሩት ታሳያላችሁ። ራሷን ብታነሡ የእናቷ ዕድሜ ያለ ሰው ሲያዝን ማየት እንደሚከብዳት ይወጣል። ሦስቱም ትክክል ናቸው። በአንድ ቀን ግን አንዱን ብቻ አንሡ፤ ሦስቱንም የሰማ ተለማማጅ አንዱንም ይዞ አይወጣም።

ደረጃ 5፦ የሳምንቱ አንድ ሰዓት

በአደጋ ጀምሩ፤ በዚህ ሳምንት ያስፈራህ ታካሚ ማን ነው? ከዚያ አንድ ጉዳይ በጥልቀት፣ አንድ ልምምድ፣ የሚቀጥለው ሳምንት ሥራ። ሌሎቹን ታካሚዎች በስም ዝርዝር ፈጥናችሁ እለፏቸው፣ ግን ማንንም አትዝለሉ። የተወሰነውን በሁለት መስመር ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙበት። መንገድ ከተዘጋ በስልክ አድርጉት፤ ስልክ ላይ የታካሚ ስም አይጠራ፣ የካርድ ቁጥር ይበቃል። ኔትወርክ ከጠፋም ተለማማጁ አዲስ ታካሚ ሳይቀበል የቆዩትን ብቻ እያየ እንዲጠብቅ አስቀድማችሁ ተስማሙ።

ደረጃ 6፦ ከሐኪሙ ጋር በአንድ ደቂቃ መነጋገርን አስተምሩ

ተለማማጆች ለሐኪም ሲያስረዱ ታሪክ ይተርካሉ። ሐኪሙ በር ላይ ሃያ ሰው አሰልፎ «ብዙ መከራ ያሳለፉ እናት ናቸው፣ በልጅነታቸው...» ሲባል ጆሮው ይዘጋል። ይህን አስለምዷቸው፦

«የ52 ዓመት ሴት፣ የግፊት ክትትል። ገንዘብ ስላጠራቸው ኪኒኑን ግማሽ ግማሽ እየወሰዱ ነው፤ የጤና መድን ካርዳቸውም አልታደሰም። ራስን ስለመጉዳት ጠይቄያቸው የለም ብለዋል። ከእኔ ጋር በሁለት ሳምንት ቀጠሮ አለን። ከእርስዎ የምፈልገው መድኃኒቱን እንዲያነጋግሯቸው ነው።»

ማን ናቸው፣ ምን ተገኘ፣ አደጋ አለ ወይ፣ እኔ ምን እያደረግሁ ነው፣ ከእርስዎ ምን እፈልጋለሁ። አምስቱን በሰዓት እየለካችሁ አስለምዱት። ሐኪሙ ከተለማማጁ የሰማው ነገር አንዴ ሕክምናውን ከለወጠለት ሌላ ታካሚ ራሱ ይልካል።

ሲላክ ደግሞ ወረቀት ብቻ አይላክ። ነርሷ ታካሚዋን ይዛ እስከ ተለማማጇ በር ትምጣ፣ «እማማ፣ ከእኛው ጋር የምትሠራ ልጅ ናት» ትበል። ብቻውን «ክፍል 9 ይሂዱ» የተባለ ሰው መንገድ ላይ ይቀራል፤ የአእምሮ ሕክምና ክፍል መሆኑን ከሰማማ ጭራሽ።

ካርዱ ላይ የሚጻፈው ከሦስት መስመር አይበልጥ፤ ችግሩ፣ አደጋው፣ ዕቅዱ። ካርዱን ብዙ እጅ ያየዋል፤ የክትትል ደብተር ደግሞ ቤት ይሄዳል፣ ባልም ያነበዋል። በቤት ውስጥ ስለሚደርስ ድብደባ ዝርዝር ደብተሩ ላይ የጻፈ ተለማማጅ የሴትዮዋን ችግር ዕጥፍ ያደርገዋል።

ደረጃ 7፦ አደጋ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ አስቀድማችሁ አስለምዱ

ስለ ራስ ማጥፋት መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም። ተለማማጆች ይህን በትምህርት ያውቁታል፤ ክፍል ውስጥ ግን የሚጠይቁት «እንደዚህ ዓይነት ነገርስ አያስቡም አይደል?» ብለው ነው። መልሱን አስቀድሞ የያዘ ጥያቄ ነው፤ ታካሚው «ኧረ ወላሂ» ወይም «በስመ አብ!» ብሎ ይገላገላል። የሚለመደው እንዲህ ነው፦ «እንዲህ የጨነቀው ሰው አንዳንዴ ሞትን ይመኛል። እርስዎስ ራስዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ?» ድምፁ ሳይሰበር፣ ዓይኑ ወረቀት ላይ ሳያርፍ እስኪለው ድረስ ደጋግማችሁ አስብሉት። የፒ ኤች ኪው 9 ዘጠነኛ ጥያቄ ላይ ከዜሮ በላይ የሆነ መልስ ከመጣ ድምሩ ምንም ይሁን ምን ጥያቄው ይቀጥላል፤ ዕቅድ አለ ወይ፣ ከዚህ በፊት ሞክረው ያውቃሉ ወይ፣ ቤት ውስጥ ምን አለ።

አደጋ ካለ ተለማማጁ ታካሚውን ብቻውን ትቶ ከክፍል አይወጣም። ስልክ ደውሎ ወይም በር ከፍቶ ሰው ይጠራል። ያለ እናንተ ወይም ያለ ተተኪው ውሳኔ ታካሚው ቤቱ አይሄድም። ከሄደም አንድ የሚያምኑት ዘመድ ተጠርቶ የአረምና የነቀዝ መድኃኒቱ፣ በረኪናውና የተጠራቀመው ኪኒን ሁሉ ተቆልፎበት ነው። የአእምሮ ሕክምና ያለበት ሆስፒታል መሄድ ካለበት ማን አብሮ እንደሚሄድ ይጻፍ።

በጤና ጣቢያው ኤም ኤች ጋፕ የተባለውን የአእምሮ ጤና ሥልጠና የሠለጠነ ጤና መኮንን ወይም ነርስ ካለ ስሙን አስቀድማችሁ እወቁ። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረው፣ መመሪያውንም በ2010 አውጥቶ በ2016 ያሻሻለው፣ ልዩ ሐኪም በሌለበት ቦታ ለሚሠሩ እንዲህ ላሉ ባለሙያዎች ነው። ተለማማጁ ድምፅ የሚሰማ፣ ከወለደች በኋላ ልጇን የምትፈራ ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሲገጥመው የመጀመሪያ ሥራው እነሱን መጥራት ነው።

አንድ ጉዳይ ላይ የምክሩ ቅደም ተከተል ይገለበጣል። የተደፈረች ሴት ስትመጣ ተለማማጁ ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ይፈልጋል፤ ደግ ሐሳብ ነው። ይሁንና የኤች አይ ቪ መከላከያው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያውም እስከ አምስት ቀን፣ በቶሎ ሲሆን ደግሞ የተሻለ። መጀመሪያ ወደ ጤና መኮንኑ አብሯት ይሂድ፤ ማዳመጡ መንገድ ላይም፣ ከዚያ በኋላም ይቻላል።

ደረጃ 8፦ ጠበልና ዱዓ

ከዩኒቨርሲቲ በቀጥታ የመጣ ተለማማጅ አንዳንዴ ይህን እንደ ተቀናቃኝ ያየዋል። እንዳትፈቅዱለት። ታካሚው ከእሱ በፊት ሼሁንና የንስሐ አባቱን አማክሯል፣ ከእሱም በኋላ ያማክራል። የሚጠየቀው «ጠበል ላይ ሳሉ ኪኒኑን አቋርጠው ነበር?» የሚለው ነው፤ የሚጥል በሽታና የከባድ አእምሮ ሕመም መድኃኒት ድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ተባብሶ ይመለሳልና። ሁለቱን አብሮ መያዝ የሚቻልበትን መንገድ ከታካሚውና ከሃይማኖት አባቱ ጋር መፈለግ የካውንስለሩ ሥራ ነው። ታስሮ የተያዘ ሰው ካለ ግን ዝም አይባልም፤ ለእናንተ ወዲያው ይነገር።

ደረጃ 9፦ ተለማማጁ ራሱ ምን ይዞ ነው የገባው?

ጦርነቱ በጥቅምት 2014 መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ዛሬ ተለማማጅ የሆነው ልጅ ተማሪ ነበር። ከቤቱ ተፈናቅሎ ሊሆን ይችላል፤ ሰው ሞቶበት ሊሆን ይችላል። አሁን የሚያነጋግረው ሰው የተለማማጁን የራሱን ታሪክ ነው የሚነግረው። ይህን የምታውቁት ስለነገራችሁ አይደለም፤ ስታዩት ነው። ስለዚያ ወቅት ሲነሣ ርዕስ ይለውጣል፤ ወይም ፈጥኖ መምከር ይጀምራል፤ ወይም 30 ደቂቃው አልፎ አንድ ሰዓት ሲሞላም ታካሚውን መሸኘት ያቅተዋል።

«ይህን ስትሰማ አንተ ጋ ምን ተፈጠረ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ስሙ፣ ሥራው ላይ ያመጣውን አብራችሁ እዩ። እዚያ ላይ አቁሙ። ሱፐርቫይዘር የተለማማጁ ካውንስለር አይሆንም፤ ነገ ማርክ የምትሰጡት ሰው ዛሬ ቁስሉን ሁሉ ካወጣላችሁ ሁለታችሁም መግቢያ ታጣላችሁ። ማርኩ እጁ ላይ ወዳልሆነ ሌላ ባለሙያ አገናኙት፤ ለተወሰኑ ሳምንታትም እንዲህ ያሉ ታካሚዎች እንዳይላኩለት አድርጉ።

ደረጃ 10፦ ምዘናና ርክክብ

ምዘናው መጨረሻ ላይ ብቻ ከመጣ ዱብ ዕዳ ይሆናል። ጊዜው ሲጋመስ አንድ ጊዜ በጽሑፍ አድርጉት። የዩኒቨርሲቲው ቅጽ «ተግባቦት፦ በጣም ጥሩ» ከማለት ካላለፈ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ያዘጋጁትን ኢኩዊፕ የተባለ መድረክ ተመልከቱ፤ የብቃት መመዘኛዎቹ በነፃ ይገኛሉ። ከነሱ አንዱ የሆነው ኢናክት እያንዳንዱን ክህሎት በአራት ደረጃ ይለካል፤ ዝቅተኛው ደረጃ ታካሚን ሊጎዳ የሚችል አድራጎት ነው፤ መቆጣት፣ መወንጀል፣ ምስጢር አሳልፎ መስጠት። ልምምዱ በትወና ስለሚሠራ ታካሚ ሳይነካ መመዘን ይቻላል።

የምትሰጡት ነጥብ ምንም ይሁን፣ ከጎኑ ያያችሁትን ጻፉ። «ታካሚዋ ሁለት ጊዜ ልታቋርጠው ስትሞክር ምክሩን ቀጠለ» የሚል ሰው አይከራከርበትም፤ «የማዳመጥ ክህሎት ይጎድለዋል» ሲባል ግን ቤተሰብ ሳይቀር ሽምግልና ይላካል። ለሥራው ያልደረሰን ተለማማጅ «የደሀ ልጅ ነው፣ ይለፍ» ብሎ ማሳለፍ የተለመደ ነው። የሚያልፈው ወደ ማን እንደሆነ ግን አስቡ፤ ሱፐርቫይዘር ወደሌለበት ጤና ጣቢያ ነው።

መሄጃው ሲቃረብ ታካሚዎቹ ቢያንስ ሁለት ቀጠሮ ሲቀር ይነገራቸው፤ የመጨረሻው ቀን ላይ አይደለም። ማን ይጨርሳል፣ ማን ይቀጥላል፣ ማን ወደ ነርሷ ክትትል ይመለሳል የሚለውን አንድ በአንድ ዝርዝር አውጥታችሁ፣ የሚቀጥሉትን ከአዲሱ ሰው ጋር ተለማማጁ ባለበት አስተዋውቁ። የግል ስልኩን የሰጣቸው ካሉ (ይኖራሉ) በዝርዝሩ ላይ ምልክት ይደረግ። ከሄደ በኋላ ሲደውሉለት የሚላቸው አንድ ዓረፍተ ነገርና የሚሰጣቸው የተቋሙ ስልክ ቁጥር ሳይሄድ በፊት እጁ ላይ ይሁን።